ዝገት የማይዘው ብረት

ይህን ታሪክ በድምፅ ቀድቼ እንድልክላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስቱንም አጠፋሁት። የራሴን ድምፅ መስማት አልወድም። ስለዚህ ጻፍኩት።

የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። የቀረው በዓይኔ ያየሁት ነው።

ጨለማ ከጠበቃችሁ፣ ጨለማ የለበትም። ሁሉም የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

አምና፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ቀን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ከእንጅባራ ከተማ በባጃጅ አርባ ደቂቃ በሚያስኬድ ገጠር፣ በታላቅ እህቴ በየሻረግ ቤት።

እኔ ዳንግላ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ድምፅሽ ከሦስተኛው ወንበር አያልፍም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

የሻረግ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ፣ ሁለቱም ሳምንት ሳይሞላቸው ሞተውባታል። አማቷ እማ እታለማሁ "ሾተላይ ነው" ይላሉ። የእናቲቱን ልጆች እየተከተለ የሚወስድ ክፉ መንፈስ ማለታቸው ነው።

ይህኛውም ከሞተ አራተኛ እንደማትሞክር የሻረግ ነግራኛለች። ሳታለቅስ ነበር የነገረችኝ።

ስደርስ ባሏ ኪዳኑ ደጃፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"መምህርት መጣች። ቀጥ በሉ፣ ስም ትጠራለች" አለ።

"እግርህን ምን ሆንክ?"

"ከሰሉ ነዋ።"

ኪዳኑ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጦ፣ አፈር አልብሶ፣ ከሰል ያከስላል። በዚያ አካባቢ ግማሹ ሰው ኑሮው ይኸው ነው። መቃጠል ብርቅ አይደለም።

የሱሪውን እግር ሰብስቦ አሳየኝ። ግን ቁስሉ ጭኑ ላይ ነበር። ልክ የሱሪ ኪስ የሚያርፍበት ቦታ።

"የዚያን ቀን ይህንኑ ሱሪ ነበር የለበስከው?"

"ሌላ መቼ አለኝና?"

ሱሪውን አየሁት። አልተቃጠለም። አልጠቆረም። አንድ ክር እንኳ አልተነካም።

"ሱሪው ደኅና ነው እኮ..." አልኩ።

"ሱሪው ከኔ ይበልጣል፤ ከገበያ መርጬ ነው የገዛሁት" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ ጭኑን ያዘ። "ሦስት ሳምንት አለፈው። አልደርቅ አለኝ።"

ተጨማሪ አልጠየቅሁትም። ሰው ላይ ጥያቄ ማብዛት ያሳፍረኛል።

ጓዳ ስገባ እማ እታለማሁ የዶሮ ቅርጫት ይዘው ሊወጡ ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ አሥራ ሦስት እንቁላል። የመፈልፈያ ቀናቸው አልፏል። አንድም ጫጩት አልወጣም።

አንዱን ድንጋይ ላይ ሰበሩት። ውኃ ብቻ። የደም ጠብታ እንኳ የለውም።

"ነጎድጓድ ነው" አሉ። "ብረት አድርጌላት ሳለ ነው፤ ተይው የዘንድሮን ነጎድጓድ።"

የገጠር ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ዶሮ ስትታቀፍ ነጎድጓድ እንቁላሉን እንዳያበላሸው ጎጆዋ ውስጥ ብረት ይደረጋል። ምስማር... ወይ የማጭድ ስባሪ።

"ምን ብረት ነበር ያደረጉላት፣ እማ?"

"ኪዳኑ ያገኘውን ነዋ። ዝገት የማይዘውን።" ፊታቸው በራ። "እንዲህ ያለ ብረት በዕድሜዬ አላየሁም። ለዶሮ ይባክናል ብዬ ለየሻረግ አዞርኩላት።"

ለነፍሰ ጡርም ብረት ይደረጋል። በትራሷ ሥር። ክፉው እንዳይቀርባት።

የሻረግ አልጋ ላይ ጋደም ብላ ነበር። ስታየኝ የትራሷን ጫፍ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

ከትንሿ ጣት ጫፍ የማትበልጥ፣ የምታብለጨልጭ ብረት። ከኋላዋ አጭር የሽቦ ገመድ አላት... እንደ ጅራት።

ኪዳኑ ያገኛት የውኃ ቧንቧ በተቀበረበት ቦይ ዳር አፈር ሲቆፍር ነው። ቧንቧውን የበየዱት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ዓመት አፈር ውስጥ... አንድም የዝገት ነጥብ የለባትም።

በጣቴ ነካኋት። ቀዝቃዛ ነበረች።

"ዮርዲ፣ ሲራገጥ ቅረጪልኝ" አለችኝ የሻረግ በሹክሹክታ። "ምናልባት..."

አላስጨረስኳትም።

በስልኬ ሆዷን መቅረጽ ጀመርኩ። ወዲያው እማ ገቡ። የሻረግ አፍራ ልብሷን ሳበች፤ እኔም ደንግጬ ስልኩን ትራሱ ላይ ደፋሁት። መቅረጹን ግን አላቆምኩም ነበር።

አራት ደቂቃ እንደዚያው ተደፍቶ ቆየ።

ወደ ከተማ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ ቪዲዮውን ከፈትኩ።

መጀመሪያ ሆዷ ታየ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ድምፃችን ብቻ ይሰማል። እማ ስለ ድንች ዋጋ ያወራሉ። የሻረግ ትስቃለች።

ከዚያ... አንድ ነጭ ነጥብ።

ሌላ።

ከዚያ በጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ጤፍ እንደበተኑበት ሆነ። እየበራ፣ እየጠፋ፣ እየበራ። ያለ ምንም ድምፅ።

ስክሪኑን በቀሚሴ ጠረግሁት። ነጥቦቹ እዚያው ናቸው።

ስልኩን ከትራሱ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩበት ሰዓት ሲደርስ ሳሱ። ከአልጋው ስርቅ ጠፉ።

የካሜራውን ዓይን በመዳፌ ሸፍኜ፣ እዚያው ባጃጁ ውስጥ እንደገና ቀረጽኩ። አራት ደቂቃ ሙሉ። ጥቁር። ምንም የለም።

"እህት፣ ቆሰበር ደርሰናል" አለኝ ሹፌሩ፤ እንጅባራን ማለቱ ነው። ሁለት ጊዜ ብሎኝ ነበር መሰለኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን የኒውክሌር ኬሚስትሪ ያስተማሩን መምህር አንድ ቀን እንዲህ ብለውን ነበር። "ጨረር አይሸትም፣ አይሰማም፣ አይታይም። የስልክ ካሜራ ግን አንዳንዴ ያየዋል።"

እኔም ለልጆቼ አስተምራለሁ። የአንዳንድ አተሞች ኒውክለስ እረፍት የለውም፤ እስኪረጋጋ ድረስ ከውስጡ ይወረውራል። አልፋን ወረቀት ያቆመዋል። ቤታን ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ። ጋማን ወፍራም እርሳስ።

የጥጥ ትራስ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ታዲያ ምን አደረግሽ ትሉኛላችሁ።

ዝም አልኩ። ዘጠኝ ቀን።

ስልኬ ርካሽ ነው፤ ተበላሽቶ ይሆናል አልኩ። የፈተና ወረቀት አለብኝ አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ብረቱን አውጡ ብዬ ልጁ ቢሞትስ? "እህቷ ናት ብረቱን ያስወጣችባት" ይባላል። የሻረግም ያንኑ ታምናለች። ዕድሜ ልኳን አፍ አውጥታ ሳትነግረኝ ታምነዋለች።

ሐሙስ ደወለችልኝ።

"ያቅለሸልሸኛል፣ ዮርዲ።"

"በስምንተኛ ወር?"

"እማ ክፉው ከብረቱ ጋር እየታገለ ነው አሉኝ። ልጁ መራገጥ ቀንሷል።"

"ሐኪም ቤት ሂጂ" አልኳት። ስለ ብረቱ... አላነሳሁም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት ለሀይማኖት ደወልኩ። ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ጓደኛዬ ናት፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ታነሳለች።

"የጅል ጥያቄ ልጠይቅሽ ነው" አልኳት።

"ጠይቂ፤ አራት ዓመት ለምጄዋለሁ።"

ቪዲዮውን ላክሁላት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ደወለች። ቀልዱ ከድምፅዋ ጠፍቷል።

"ስልኩን ምን ላይ ነው ያደረግሽው?"

"እህቴ ትራስ ላይ።"

ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ። አልተቋረጠም።

"ዮርዲ... ጅራት አለው?"

ስለ ብረቱ ገና ምንም አልነገርኳትም ነበር።

"አለው" አልኩ።

"የብየዳ ራጅ ማንሻ ነው። የቧንቧው ብየዳ ውስጡ ክፍተት እንዳለው የሚያዩበት። ከማስቀመጫው ወልቆ ወድቋል ማለት ነው።" ትንፋሿ ይቆራረጣል። "በእጅሽ አትንኪው። በረጅም ነገር አንሺው። ከሰው አርቀሽ ቅበሪው። እኔ ለሚመለከታቸው እደውላለሁ። አንቺ አሁኑኑ ሂጂ።"

"ከሰዓት ፈተና አለብኝ።"

"ዮርዲ።"

"ነገ በጠዋት..."

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አውቃለሁ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ፈቃድ መጠየቅ አፍሬ ነው። በቃ። ሌላ ምክንያት የለውም።

ማክሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት ደረስኩ። ኪዳኑ የለም። እማም የሉም። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

የሻረግ ተኝታለች። በዚያ ሰዓት ተኝታ አታውቅም።

ቀስ ብዬ ትራሷን አነሳሁ።

ብረቱ የለም።

ጣሏት ብዬ ልቤ ቀለለኝ። ለሁለት ትንፋሽ ያህል።

"ዮርዲ?" ዓይኗን ገለጠች። "ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ብረቱ... የት ሄደ?"

"እዚሁ ነው።"

"የት?"

ነጠላዋን ገለጠችልኝ። መቀነቷን ከሆዷ በታች ታጥቃዋለች። በግራ በኩል፣ የመቀነቱ ጫፍ ላይ፣ ትንሽ ቋጠሮ አለ።

ቋጠሮው ሆዷ ላይ ተጣብቋል።

"ልጁ ዝም ሲል እማ እናስጠጋለት አሉኝ" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዛሬ ጠዋት። አንድ ሰዓት ላይ።"

ትናንት ማታ ትራሷ ሥር ነበር። ትናንት መጥቼ ቢሆን ኖሮ...

"ፍቺው።"

"ምኑን?"

"መቀነቱን ፍቺው፣ የሻረግ።"

ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። እሷም አላወቀችውም፤ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ቋጠሮውን በሁለት እጇ ሸፈነችው።

"ሁለቱ የሞቱት ያለ ብረት ነው" አለች በሹክሹክታ። "አንቺ ተማርሽ። እኔ ቀበርኩ።"



"የኪዳኑን ጭን አይተሽዋል?" አልኳት።

"ከሰል ነው።"

"ሱሪው አልተቃጠለም፣ እቱ። ብረቱን ካገኘበት ቦይ እስከዚህ በምን ይዞት መጣ?"

አሰበች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"በኪሱ" አለች።

ከዚያ እጆቿን ቀስ ብላ ከቋጠሮው ላይ አነሳች። ዓይኗ ሆዷ ላይ ነበር። መቀነቱን ለመፍታት ሦስት ጊዜ ሞከረች።

ከአጥሩ ረጅም ቀርከሃ ነቀልኩ። መቀነቱን በጫፉ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከፊቴ ይወዛወዛል። ነጭ መቀነት፣ ቀይ ጥለት ያለው፣ የሠርጓ ቀን የታጠቀችው።

ምንም አይሰማም። ምንም አይሸትም። ፀሐይ ነበረች፤ ወፎች ይጮሁ ነበር።

ከቤቱ ርቆ አንድ ያረጀ የከሰል ጉድጓድ አለ። እዚያ ጣልኩት፤ አፈርና ድንጋይ ጫንኩበት። ቀና ስል እማ እታለማሁ ከኋላዬ ቆመዋል።

"ምን ቀበርሽ?"

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት መለስኳቸው። ከዚያ አስረዳኋቸው። ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው። ብረቱ ከውስጡ የሚወረውረው ነገር እንዳለ። ሥጋን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ። ኃይሉም በየሰባ አራት ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ይህም ግማሽ ዕድሜ እንደሚባል።



"የማን ግማሽ ዕድሜ?" አሉ።

"የብረቱ፣ እማ።"

"የልጁ አይደለም?"



እማ ወደ ጣቶቻቸው አዩ። ብረቱን ከጎጆ ወደ ትራስ፣ ከትራስ ወደ መቀነት ያዛወሩት በእነዚያ ጣቶች ነው። የአውራ ጣታቸውና የሌባ ጣታቸው ጫፍ ቀልቶ መላጥ ጀምሯል።

"እኔ እኮ..." አሉ። "እንዲጠብቀው ብዬ ነው።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት።

በሦስተኛው ቀን ሀይማኖት የደወለችላቸው ሰዎች መጡ። የሚንቋቋ የጨረር መለኪያ ይዘዋል። ጉድጓዱ ጋ ሲጠጉ ድምፁ ተያይዞ አንድ ጩኸት ሆነ። ብረቷን በረጅም መቆንጠጫ አውጥተው ከባድ የእርሳስ ሣጥን ውስጥ ከተቷት። ቤቱን፣ አልጋውን፣ ቅርጫቱን፣ እኛን... ሁሉንም ለኩ።

"ንጹሕ ናችሁ" አለኝ አንደኛው። "ጨረር ያለፈበት ሰው ራሱ ጨረር አይሆንም። ታስተምሪው የለ?"

አስተምራለሁ።

"ሁለት ዓመት አፈር ውስጥ መቆየቷ ነው ያተረፋችሁ። አሥር ጊዜ በግማሽ ቀንሳለች። አዲስ ሳለች ቢያገኟት ኖሮ..." እጁን አወዛወዘና ተወው።

ኪዳኑ ሆስፒታል ገባ። ከጭኑ ብዙ ሥጋ ወጣለት። አሁን በምርኩዝ ይሄዳል። "መምህርት፣ ሱሪውስ ይታጠባል?" ብሎ ጠየቀኝ አንድ ቀን። መሳቅ አቃተኝ።

የሻረግ ሐምሌ ውስጥ ሐኪም ቤት ወለደች። ሴት።

እኔ ነበርኩ አጠገቧ። ሕፃኗ ጮኸች። ደኅና አድርጋ ጮኸች። ክብደቷን መዘኑ፣ ደሟን መረመሩ፣ ልቧን አዳመጡ። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ "ጤነኛ ናት" አለን። ከነርሷ ጋር ሆኜ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ፀጉሯ እንደ ቁራ ላባ የጠቆረ ነበር። አንድ በአንድ አይቼዋለሁ ማለት እችላለሁ።

ሳምንቱ አለፈ። ሁለቱ ወንድሞቿ ያላለፉት ሳምንት። የሻረግ በስምንተኛው ቀን ዘፈነች፤ ዘፈኗን ከሠርጓ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሕፃኗን ታቅፌ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እማ እታለማሁ አጠገቤ ናቸው፤ ጣቶቻቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል።

ሞቋት ይሆናል ብዬ ቆቧን አወለቅሁ።

ከግራ ጆሮዋ በላይ፣ የሳንቲም ያህል ክብ ቦታ...

ነጭ።

ፀጉሩ አልረገፈም። አልሳሳም። ሽበት ነው። የሽማግሌ ሽበት።

"እማ..." አልኩ። "አይተውታል?"

"አይቼዋለሁ" አሉ ሳይዞሩ።

"መቼ?"

"ከትናንት ወዲያ። ያኔ የምስር ፍሬ ያህል ነበር።"

"የሻረግ ታውቃለች?"

"ዛሬ ስትዘፍን ሰምተሻታል?"

"ሰምቻታለሁ።"

"እንግዲያው ቆቧን መልሺላት።"

ከጓዳ የየሻረግ ዘፈን ይሰማል። ቆቡን አነሳሁ። ግን አላጠለቅሁላትም። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ሕፃኗ ተኝታለች። ትንፋሿ የተስተካከለ ነው።

ከሽበቱ ዳር አንዲት ጥቁር ፀጉር ነበረች። ዓይኔን ሳልነቅል፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከሥሯ ጀምራ... ቀስ ብላ... እስከ ጫፏ ነጣች።

ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ጀመረች።